የዋሲዩ ላንቃ

ፕሮፌሰር አደጎኬ የተገኙት ከጥርስ ሕክምና ክፍሉ ጀርባ ባለው የመድኃኒት ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። በጀርባቸው ተዘርግተው፣ አንድ ጫማቸው ወልቆ፣ ግንባራቸው ተፈርክሶ። የኦክስጅን ሲሊንደር የሚከፈትበት ከባድ የብረት መፍቻ እግራቸው ሥር ወድቋል። የሻይ ኩባያቸው ተሰብሯል፤ በፈሰሰው ሻይ ላይ ጉንዳን መሰብሰብ ጀምሯል።

ያገኘቻቸው ነርስ ሲኪራት ናት። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነው የምትለው። ኢንስፔክተር ላባኬ ስትደርስ ግን የሲኪራት ነጭ ጋዋን ከደረቷ እስከ ጉልበቷ በደም ርሶ፣ ኮሪደሩ ላይ ጉንጩን ይዞ ወረፋ የሚጠብቀው ሕመምተኛ በሙሉ የራሱን ሕመም ረስቶ ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ ነበር።

"ላነሳቸው ስል ነው" አለች ሲኪራት። "ፋሻ ላመጣ ገባሁ፣ ወድቀው አየኋቸው፣ ታቀፍኳቸው። ከዚያ ጮህኩ።"

"ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።"

"ልጄን የማጠባበትን ሰዓት ከለከሉኝ። አዎ፣ ጮኼባቸዋለሁ። የተጮኸበት ሰው ሁሉ የሚሞት ቢሆን ኢባዳን ከተማ ውስጥ ማን ይተርፍ ነበር?"

 ላባኬን እዚህ ሕንፃ ውስጥ መቆሟ ራሱ እረፍት ነስቷታል። ከግራ ታችኛው መንጋጋ ጥርሷ የሰነበተ ሕመም ጋር ነው የመጣችው፤ ሬሳ የማትፈራው ሴትዮ የጥርስ ሐኪም ወንበር ትፈራለች። ውጪ ሃርማታን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ያመጣው አቧራ ፀሐይዋን ጋርዷታል። መብራት ስለጠፋ መስኮቱ ሥር ያለው ጄኔሬተር ያገሳል፣ ሰው ከሰው ጋር የሚያወራው በጩኸት ነው።

ዕቃ ቤቱ ሁለት በር አለው። አንዱ ወደ ኮሪደሩ ይከፈታል፤ በዚያ በኩል ከፕሮፌሰሩና ከሲኪራት በቀር ማንም እንዳልገባ ወረፋተኛው በሙሉ ይምላል። ሌላው ወደ ማደንዘዣ መሞከሪያ ክፍሉ ያስገባል፤ እዚያ ዶክተር አላቢ ከአንድ ሰው ጋር ሥራ ላይ ነበር። ፕሮፌሰሩ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሻያቸውን ይዘው ሲገቡ ታይተዋል። ጄኔሬተሩ ገና ሳይቆም ሲኪራት ጮኸች። ሰውዬው የሞቱት በዚያ መሃል ነው።

"ውሰዷት" አለች ላባኬ።

ሲኪራት ልጇን ለእናቷ አደራ እንድትል በሰፈሯ በኩል እንዲያልፉላት ለመነች። ላባኬም እሺ አለች፤ ደግ የሠራች መስሏት ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ግን ወጥቶ ሲኪራትን በደም የተነከረ ልብሷን እንደለበሰች በፖሊስ መኪና ላይ አያት።

*

ዶክተር አላቢ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ልብሱ ሁሌ የተተኮሰ፣ ጥርሶቹ እንደ አዲስ ሣህን ነጭ የሆኑ ሰው ነው። በከንፈሩ ጥግ የሥር መፋቂያ ይዟል። ኦሪን አታ የሚሉት ነው፤ ሲያኝኩት መጀመሪያ እንደ በርበሬ ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ምላስን ያስተኛል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ። "ከነጋ እስኪመሽ ከአፌ አይለይም። ሱስ ነው።"

"የሚሠሩትን እንደ ሞኝ ሰው ቆጥረው ያስረዱኝ" አለች ላባኬ። ወንበሩን ሩቅ አድርጋ ነው የተቀመጠችው።

አላቢ ደስ አለው። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ የሚለው ዓይነት ሰው ነው። ጥርስ ሊነቀል ሲል የሚወጋው መርፌ ራሱ ያምማል፤ በተለይ ላንቃ ላይ። ስለዚህ ከመርፌው በፊት የሚቀባ ማደንዘዣ አለ። ጥያቄው የትኛው ቅባት ምን ያህል ያደነዝዛል የሚለው ነው፤ ያንን መለካት አለባቸው። ፈቃደኛው ሰው ይጋደማል፣ መርፌውን እንዳያይ ዓይኑ ይሸፈናል፣ አፉ እንዳይዘጋ ፕላስቲክ መክፈቻ ይገባበታል። ላንቃው ይቀባል። ከዚያ አላቢ በቀጭን መርፌ ደጋግሞ ይወጋዋል፤ ሰውየው ካመመው ጣቱን ያነሳል፣ ካላመመው ዝም ይላል።

"ሦስት ዓይነት ቅባት አለን። አንዱ ከውጪ የመጣው ነው። አንዱ..." እዚህ ላይ ድምፁ ለስለስ አለ፣ "አንዱ እኔ ከዚህ ሥር የሠራሁት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩበት ነው፣ ማዳም። ሦስተኛው መድኃኒት የሌለው፣ ባዶ ነው፤ ለማነጻጸሪያ። ቱቦዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። የቱ የቱ እንደሆነ የሚያውቁት ፋርማሲስቷ ወይዘሮ አፒንኬ ብቻ ናቸው።"

"ጄኔሬተሩ ሲሠራ እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር?"

"ዋሲዩ የሚባል ሹፌር ላይ ነበርኩ። ቀባሁት፣ ስወጋው ቆየሁ። አንድም ጊዜ ጣቱን አላነሳም።"

"ከክፍሉ አልወጡም?"

"መርፌ ይዤ የሰው አፍ ላይ ቆሜ?" አለና ፈገግ አለ። ፊቷን አየት አደረገ። "ግራ፣ ታችኛው ነው አይደል? ፊትዎ ያስታውቃል። እንኩ፣ ይህቺን ያኝኩ።"

ከኪሱ አዲስ ቁራጭ ሥር አወጣ። ላባኬ እንቢ ልትል ነበር፤ ጥርሷ ግን እንቢ አላለም።

መኪና ውስጥ ስትገባ ግማሽ አፏ ተኝቶ ነበር። ሳጅን ዳንላዲ ከመሞከሪያ ክፍሉ የሰበሰበውን ማስረጃ ጭኗል፤ ለዋሲዩ የተቀባው ሰባት ቁጥር ቱቦም በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አለ። ላባኬ ከረጢቱን ከፈተችው።

"ማዳም! ማስረጃ እኮ ነው!"

"ይሄ ነገር ሰውን መርፌ እስከማያውቅ ያደነዝዛል ተብሏል። እስቲ ይታይ።" በጣቷ ቆንጥራ ድዷ ላይ አሸች። ትንሽ ቆየችና በጥፍሯ ወጋ ወጋ አደረገችው። "ጉድ! እንጨት ሆኗል። ሰውየው እውነቱን ነው።"

"እኔ ሀገሬ ካኖ ብሆን ኖሮ" አለ ዳንላዲ ሞተሩን እያስነሳ፣ "ማስረጃ የሚበላ አለቃ አይገጥመኝም ነበር።"

*

ዋሲዩን ያገኙት አውቶቡስ ተራው ውስጥ፣ ቢጫ ሚኒባሱ ላይ ተደግፎ ረዳቱን ሲሳደብ ነው።

"እኔን ጠይቁኝ!" አለ ደረቱን እየመታ። "ድንጋይ ሆንኩላችሁ። ቅባቱን ሳይቀባኝ በፊት አንዴ ወጋኝ፤ ጣት አንሳ ቢለኝ እግሬንም አነሳሁ። ከተቀባሁ በኋላ ግን ዝንብ ያረፈብኝ ያህል እንኳን አልተሰማኝም።"

"ዶክተሩ አንዴም ትቶህ አልወጣም?"

"ሲወጋኝ ነበራ!"

"ምንም አልተሰማኝም አላልክም?"

"ማዳም፣ ማደንዘዣ ነዋ! ከተሰማኝማ ምኑን ማደንዘዣ ሆነው?"

ዳንላዲ ሳቀ። ላባኬም ሳቀች። ጄኔሬተሩ መስኮቱ ሥር ሲያገሳ የሰው ኮቴ ሊሰማ አይችልም፤ ዓይኑም ተሸፍኗል። ግን ቅባቱን በራሷ ድድ ሞክራዋለች። ሰውየው ደንዝዞ ነበር፣ ሐኪሙም ሲወጋው ነበር፤ በዚህ በኩል ነገሩ ተዘጋ።

የቀረው የውጪው ቅባት ወኪል ነው። ባለፈው ሳምንት ከፕሮፌሰሩ ጋር ስልክ ላይ ተጯጩኸው ነበር ተብሎ ላባኬ ተስፋ አድርጋበት ነበር። ሰውየው ግን የዚያን ቀን አቤኦኩታ ከተማ የአጎቱ ልጅ ሠርግ ላይ ነበር። ፎቶዎቹን እያገላበጠ ሲያሳያት፣ ቤተዘመዱ ከለበሰው ሰማያዊ ዳንቴል ጋር አንድ ዓይነት ለብሶ ያልገባበት ፎቶ አልነበረም።

አለቃዋ ነገሩ በሙሉ ሰልችቶታል። "ደም የለበሰች፣ የተጣላች፣ ብቻዋን የገባች ሴት ይዘሻል። አርብ ፍርድ ቤት ትቅረብና ወደ ማረሚያ ቤት ትተላለፍ። ምን ቀረሽ?"

"የተመቱት ግንባራቸውን ነው፣ ጌታዬ። ጀርባቸው ለኮሪደሩ በር ነበር። የመታቸው ሰው የመጣው ከፊት ለፊታቸው ነው፤ ከመሞከሪያ ክፍሉ በኩል።"

"ዞረው ቢሆንስ? ሰው አይዞርም?"

ሰውማ ይዞራል። ላባኬ ወጥታ ግቢውን ስትዞረው ዋለች። በየመሃሉ ከእስረኞቹ ክፍል በኩል የሕፃን ለቅሶ ይሰማታል፤ የሲኪራት እናት ልጁን አዝላ በሩ ላይ ተቀምጣለች፣ ተረኛው ደግሞ አለቃው ካልፈቀደ አላስገባም ብሏል። ላባኬ ተረኛውን ገፍታ በሩን ራሷ ከፈተችው።

ሲኪራት ጡቷ ጠጥሮ ሸሚዟ ሲነካው እንኳን መቻል አቅቷታል። ልጁን ተቀብላ አፉን ስታስጠጋው እንባዋ ፊቱ ላይ ወረደ።

"አንቺ ልጅ አለሽ?" አለች።

"የለኝም።"

"እንግዲያው ልንገርሽ። ወደ ማረሚያ ቤት ከላካችሁኝ ይሄ ልጅ ወር ሳይሞላ ይረሳኛል። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ገድዬ ከሆነ ይርሳኝ። ግን አልገደልኩም።"

ላባኬ ልታምናት ፈለገች። መፈለግ ግን ማስረጃ አይደለም፣ ይሄንን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ልጁ ጠብቶ እስኪጨርስ በሩን ይዛ ቆመች። ከአላቢ የተቀበለችው ሥር ካለቀ ቆይቷል፤ ጥርሷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ይወጋታል።

*

ሐሙስ ጠዋት ላባኬን እግሯ ራሱ ወደ ሐኪም ቤቱ በር ወሰዳት። ምን እንደምትፈልግ አታውቅም፤ ቤት መቀመጥ ግን አልቻለችም። በሩ ላይ ኢያ ሙሪ የምትባል ሴት ባቄላ ፈጭታ አካራ የሚሉትን ብስኩት በዘይት ትጠብሳለች። ላባኬ ትኩሱን ተቀብላ በቀኝ ጎኗ ቀስ ብላ ነከሰች።

"እንደሱ ልጄ፣ እፍ እያልሽ" አለች ኢያ ሙሪ። "ሰው ሁሉ እንዳንቺ ቢሆን ምን ነበረበት። ያ ቀውስ ሹፌር ዋሲዩ ባለፈው ቀን ስንቱን አወረደብኝ መሰለሽ! ከዘይቱ እንደወጣ ጎረሰና ላንቃዬን ላጥሽው ብሎ አገር አስጮኸብኝ። እኔ ነኝ በአፉ የከተትኩለት?"

ላባኬ ማላመጧን አቆመች። "መቼ ነው ይሄ?"

"ፕሮፌሰሩ የሞቱ ዕለት ነዋ። ከዚሁ በር እንደወጣ። ዓይኑን ያሰሩበት ጨርቅ ግንባሩ ላይ ምልክት ትቶ፣ ከሩጫ የወጣ መስሎ። ገና እየተሰዳደብን እያለ ነው ውስጥ የሲኪራት ጩኸት የተሰማው።"

"ላንቃዬን ነው ያለው? ምላሴን አይደለም?"

"ላንቃዬን! አፉን ከፍቶ ሊያሳየኝ ነበር፣ ፊቴን አዞርኩ እንጂ። ልጄ፣ ቁርስሽን ሳትጨርሺ ወዴት ነው?"

*

"ማዳም፣ ደግሞ?" አለ ዳንላዲ፤ ላባኬ የማስረጃውን ከረጢት ስትከፍት።

"ዝም በል። ከመርፌ ጋር ሲታገል የቆየ ላንቃ ደንዝዞ ቢሆን ኖሮ ትኩስ ዘይት ይሰማው ነበር? ሳያውቀው ውጦ ማታ ነበር የሚያቃጥለው።" ሰባት ቁጥር ቱቦን ጨምቃ ድዷ ላይ አሸች። ጠበቀች። ሌላ ጨመረች። ጠበቀች።

ምንም የለም። ጥርሷ ያንኑ ይወጋታል። በጥፍሯ ድዷን ብትነካው ከወንበሯ ልትነሳ ምንም አልቀራት።

"የዚያን ቀን ግን እንጨት ሆኗል ብለው ነበር።"

"ብዬ ነበር።" ላባኬ ቱቦውን እያየች ቀረች። የዚያን ቀን አፏ ውስጥ ምን ነበር? የአላቢ ሥር። ቅባቱን ከማሸቷ በፊት አፏ ተኝቶ ነበር። ውሃም ብትቀባ ደነዘዘኝ ማለቷ አይቀርም ነበር። በራሷ ላይ ተናደደች፤ አንዲት እናት ከልጇ ተነጥላ የቆየችው እሷ አፏን ስላልታጠበች ነው።

ወይዘሮ አፒንኬ ስልኩን አነሱ። በሕጉ መሠረት ሥራው ሳያልቅ ቁጥሩን ለማንም አይናገሩም። ላባኬ ስለ ሲኪራት ልጅ ነገረቻቸው። 

"ሰባት ቁጥር ባዶው ነው" አሉ በመጨረሻ። "ስታርች፣ ግሊሰሪን፣ ትንሽ የናና ሽታ። ከዚያ ሌላ ምንም የለውም።" ከዚያ ሳይጠየቁ ቀጠሉ። "ኢንስፔክተር፣ አንድ ሌላ ነገር። ፕሮፌሰሩ በዚያው ሳምንት ቁጥሮቹን አስከፍተውኝ ነበር። የአላቢ ቅባት ከባዶው ምንም አልተለየም። ሥራውን ሊያስቆሙት ነበር። እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ እያሉ ሲጨነቁ ነበር።"

ከሰዓት በኋላ ዋሲዩን አምጥተው እዚያው ወንበር ላይ አስተኙት። ዓይኑን ሸፈኑት፣ መክፈቻውን አስገቡለት። አንዲት ሌላ ሐኪም ከሰባት ቁጥር ቱቦ ቀባችውና የሚጠበቀውን ያህል ጠብቃ መርፌውን አስጠጋች። ዋሲዩ ጣቱን አነሳ። እንደገና ስትሞክር ሁለት እጁን አነሳ። በሦስተኛው ተነስቶ ተቀመጠና መክፈቻውን ከአፉ መንጭቆ አወጣው።

"ምን አድርጌያችሁ ነው? የዚያን ቀንኮ እንዲህ አልነበረም!"

"ቅባቱ ያው የዚያን ቀኑ ነው" አለች ላባኬ።

ዋሲዩ አፉን ይዞ አሰበ። ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ ቀስ እያለ ሄደ። "ታዲያ የዚያን ቀን ማን ነበር የወጋኝ?"

"ማንም አልወጋህም።"

*

ዶክተር አላቢ ሲጠራ መጣ። መፋቂያው በከንፈሩ ጥግ ነው። ወይዘሮ አፒንኬ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዳንላዲ በሩ ላይ ቆሟል። ላባኬ መቀመጥ አልቻለችም፤ በወንበሩ ዙሪያ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

"ዋሲዩ ላንቃው አልደነዘዘም ነበር" አለች።

"ደንዝዟል። እኔ ነኝ የቀባሁት።"

"ቱቦው ስም የለውም። እንደሚያደነዝዝ በምን አወቁ?"

አላቢ መፋቂያውን በጥርሱ ነከሰ።

"ቀምሰውት ነበር አይደል?"

"ክልክል መሆኑን አውቃለሁ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወደ አፒንኬ ሳያይ። "ግን ሁሌም እቀምሳለሁ። አንድ ሰው የገዛ ልጁን ድምፅ አይለይም? ምላሴ ላይ ሳደርገው አወቅኩት። የኔ ነበር። ዋሲዩን የቀባሁት በኔ ቅባት ነው።"

ላባኬ ወይዘሮ አፒንኬ ያዘጋጇቸውን ሦስት ማንኪያዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። በሦስቱም ላይ ትንሽ ትንሽ ቅባት አለ። "የእርስዎ የትኛው ነው?"

እንቢ ማለት ይችል ነበር። እንቢ ቢል ኖሮ ላባኬ በእጇ የሚቀራት የተቃጠለ ላንቃና አንድ ሚኒባስ ሹፌር ብቻ ነበር። ግን ዕድሜውን በሙሉ ይሄን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር። መፋቂያውን ወደ ሌላኛው ጉንጩ ገፋ አደረገና የመጀመሪያውን ማንኪያ ምላሱ ላይ ነካ። ዓይኑን ጨፈነ።

"ይሄ ነው" አለ። "ያዘኝ። የኔ ነው።"

"ሌሎቹንም ይቅመሱ።"

ሁለተኛውን ቀመሰ። ግንባሩ ተቋጠረ። "ይሄም... ይሄም የኔ ነው።" ሦስተኛውን አነሳ። ቀመሰና ማንኪያውን አስቀመጠ። ወይዘሮ አፒንኬን አያቸው፤ አሁን የሚያያቸው ሕመምተኛ ሐኪሙን እንደሚያይ ነው።

"ሦስቱም ስታርች ነው፣ አላቢ" አሉ አፒንኬ። ድምፃቸው የሐዘን ቤት ድምፅ ነበር።

አላቢ መፋቂያውን ከአፉ አወጣው። መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጠው፣ ከዚህ በፊት አይቶት እንደማያውቅ ነገር።

"ዓመታት ሙሉ" አለ። "የሚቀባውን በሙሉ እቀምሳለሁ፣ ሲደነዝዘኝ ደስ ይለኛል። ሰዎቹ ጣታቸውን ሲያነሱ ፈሪዎች ናቸው እላለሁ።"

"ፕሮፌሰሩ ነገሩዎት።"

"ዋሲዩን ቀብቼ ቅባቱ እስኪሠራ ስጠብቅ በውስጡ በር ጠሩኝ። ሻያቸውን ይዘው ነበር። ሥራው ቆሟል አሉኝ። ቀምሼዋለሁ አልኳቸው፣ ይሠራል፣ በገዛ ምላሴ አውቀዋለሁ። ሳቁ። በክፋት አይደለም የሳቁት፤ እንደ አባት ነው። እኔ ግን ያ ሳቅ..." መፋቂያውን በመዳፉ ጨበጠው። "መፍቻው መደርደሪያው ላይ ነበር። ስመለስ ዋሲዩ እንደተጋደመ ነው። መክፈቻውን ሳወጣለት ምንም አልተሰማኝም አለኝ። እግዜር ራሱ የሸፈነኝ መሰለኝ። ቅባቴም ሠራ፣ እኔም ተረፍኩ አልኩ።"

"ሲኪራት በርስዎ ፈንታ መታሰሯስ?"

"ትፈታለች ብዬ ነበር። ምንም አላደረገችማ።"

ላባኬ በጥፊ ልትለው እጇ ተነስቶ ነበር፤ ዳንላዲ አይቷት አንድ እርምጃ ጠጋ አለ። እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

በሩ ላይ ሲደርሱ አላቢ ቆመ። እጁ ታስሯል። "ማዳም፣ የኔንስ ሞክረውታል? እውነተኛውን? ጥርስዎ ላይ?"

ዋሽታ ልታስደስተው ትችል ነበር። እሱ ከመጠራቱ በፊት አፏን በደንብ ተጉመጥምጣ፣ አፒንኬ የሰጧትን የአላቢን ቅባት ቀብታ፣ ከዚያ ስትጠብቅ ስትጠብቅ ቆይታለች።

"ሞክሬዋለሁ" አለች። "ምንም አላደረገልኝም።"

አላቢ ራሱን ነቀነቀ። "ፕሮፌሰሩም የነገሩኝ ይሄንን ነበር። 'አፍህን ተጉመጥምጠህ ቅመሰው፣ ከዚያ ነገ እናወራለን' አሉኝ። ሌላ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።"

*

አርብ ጠዋት የሲኪራትን በር ላባኬ ራሷ ከፈተችው። ነገሩን በሙሉ ነገረቻት። ሲኪራት እያየቻት ሰማች፤ ስትጨርስ እናቷ ያመጣችላትን ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ወጣች። የመልቀቂያውን ወረቀት እንኳን ተቀምጣ አልፈረመችም፤ እዚህ ቤት ወንበር ላይ አልቀመጥም አለች።

"ተሳስቻለሁ" አለች ላባኬ። "ይቅርታ አድርጊልኝ። መኪና አለ፣ ቤትሽ ላድርስሽ።"

"በእናንተ መኪና?" ሲኪራት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ሰፈሬ በዚያ መኪና በደም ልብሴ እንዴት እንደወሰድሽኝ አይቷል። በእግሬ ስመለስም ይየኝ።"

"እሺ።"

"አንቺም በእግርሽ ነይ። የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ።"

ዳንላዲ ሳቁን ሊያፍን ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ግን ላባኬ አልሳቀችም። ባርኔጣዋን አጥልቃ ተከተለቻት። አቧራው ጉሮሮ ይከረክራል፣ ሚኒባሶቹ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፣ መንገዱ ረጅም ነው። ሲኪራት ከፊት፣ እናቷ ከጎኗ፣ ላባኬ ከኋላ። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የኢንስፔክተሯን የሚያብለጨልጭ የደረት ምልክት አፍጥጦ ያያል።

ሰፈሩ መግቢያ ላይ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ባልዲያቸውን አስቀመጡ። አንዷ ሌላዋን በክርኗ ነካች። ከኋላ ያለችውን ፖሊስ ሲያዩ ደግሞ አንዲት አሮጊት "ውይ፣ ደግሞ ሊፈትሹ ነው!" አለች ጮክ ብላ።

ሲኪራት ቆመች፤ ወደ ኋላዋ ግን አልዞረችም።

ላባኬ ወደ ፊት አለፈች። ጥርሷ እየወጋት፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት መናገር ከጥርስ ሐኪም ወንበር የባሰ ሆኖባት ባርኔጣዋን አወለቀች። "እናቶቼ፣ ይቺ ልጅ ማንንም አልገደለችም" አለች። "ገዳዩ ሌላ ሰው ነው፣ ተይዟል። እሷ የሞቱትን ሰው ልታነሳ ነበር የደከመችው። በስህተት ያሰርኳት እኔ ነኝ።"

 ከዚያ ያቺ አሮጊት መሬት ላይ ያለችውን የራሷን በርጩማ አንስታ፣ በእጇ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ ለሲኪራት ወስዳ አስቀመጠችላት። ሲኪራት ተቀመጠች። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ እዚያው ሁሉም እያያት ማጥባት ጀመረች።